ዲያዜፓምና ትራማዶል በአንድ ሌሊት

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትንንሽ የመድኃኒት ፖስታዎች]

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት። ሁለቱም ፖስታዎች ላይ በእስክሪብቶ «ማታ 1 ፍሬ» ተብሎ ተጽፏል። አንደኛው ከሰፈር ክሊኒክ ለእንቅልፍ የታዘዘ ዲያዜፓም፣ ሌላው መሃል ከተማ ካለ ሆስፒታል ለወገብ ሕመም የታዘዘ ትራማዶል ነው። አንዱ ሐኪም የሌላውን ማዘዣ አላየም።

[ምስል፦ የአንጎልና የሳንባ ሥዕል]

ተኝተንም የምንተነፍሰው፣ በደም ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲጠራቀም የአንጎል ግንድ ትእዛዝ ስለሚሰጥ ነው። ትራማዶል የኦፒዮይድ (እንደ ሞርፊን ያሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች) ወገን ስለሆነ ይህን ትእዛዝ ሊያዳክም ይችላል። ዲያዜፓም ሲጨመርበት ትንፋሽ ይሳሳል፣ ይዘገያል፤ የተኛው ሰው አይታወቀውም። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2016 በኦፒዮይዶችም ሆነ በዲያዜፓም ወገን መድኃኒቶች መግለጫ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲሰፍር ያዘዘው ለዚህ ነው።

«ሁለት ሰዓት አራርቄ እውጣቸዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም። አያዋጣም። የዲያዜፓም ግማሹ ከደም እስኪወጣ ብቻ ከአንድ ቀን በላይ ሊፈጅ ይችላል፤ የትናንቱ ፍሬ ዛሬ ማታም ሥራ ላይ ነው። አረቄ ከተጨመረበትማ አይነሣ።

ከሌሎቹ የሕመም ማስታገሻዎች ፓራሲታሞል በልኩ ከተወሰደ ትንፋሽ አያዳክምም። የዳይክሎፌናክ ጣጣም ጨጓራና ኩላሊት ላይ ነው። ለእንቅልፍ የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ግን ከትራማዶል ጋር ሲገናኝ እንደሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

[ምስል፦ በመቀስ የተቆረጠ እሽግ፣ ስም የሌለበት]

እኔን የሚያናድደኝ ይህ መቀስ ነው። አራት ፍሬ ተቆርጦ ሲሰጥ የመድኃኒቱ ስም ሌላው ቁራጭ ላይ ይቀራል። ፋርማሲ ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ ይዛችሁ አሳዩ፤ የአዲሱንም ስም ፖስታው ላይ አስጽፉ። ዲያዜፓምን ለረጅም ጊዜ የወሰደ ሰው ግን ደንግጦ በአንድ ጊዜ አያቋርጥ፤ ይህም ራሱ ሊያንቀጠቅጥ ስለሚችል ሐኪሙ ቀስ በቀስ ይቀንስለት።

[ምስል፦ ሌሊት፣ መኝታ ክፍል]

እናታችሁ ሌሊት ያልተለመደ ከባድ ማንኮራፋት ከጀመሩ «ዛሬስ እንቅልፍ ወሰዳቸው» ብላችሁ አትለፉ። ጠርታችኋቸው፣ ትከሻቸውን ነቅንቃችሁ ካልነቁ ወይም ከንፈራቸው ከጠቆረ በጎናቸው አስተኝታችሁ ወዲያው 907 ደውሉ። አንድ ሰው አጠገባቸው ሆኖ ትንፋሻቸውን ይከታተል፣ ሁለቱንም ፖስታ ያዘጋጅ። ሌላው ባትሪ ይዞ አስፋልቱ ዳር ይውረድ፤ በጨለማ ሕንፃው ሁሉ አንድ ስለሚመስል አምቡላንሱ ብሎክ ሲፈልግ ይዞራል።