«በሞቴ» አትበሉኝ፦ ጨጓራውን ያሳነሰ ሰው ክረምቱን እንዴት ይብላ?

እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ዝናብ ከመንዝም ከጣርማ በር ማዶም ጭቃውን ረግጣችሁ እዚህ ደብረ ብርሃን ድረስ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ዛሬ ፊቴ ሁለት ዓይነት ሰው ተቀምጧል። አንዱ እንደኔ ክብደት ለመቀነስ ጨጓራውን የተሠራ ነው። ሌላው አብሮት የሚኖር፣ የሚያበላው፣ «ምነው አልበላህም?» የሚለው ነው። እውነቱን ለመናገር የመጣሁት ይበልጥ ለሁለተኛው ነው።

እኔ ስሊቭ የሚባለውን ቀዶ ሕክምና ከተሠራሁ ይሄ ሦስተኛ ክረምቴ ነው። በስሊቭ ጨጓራ ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ ተቆርጦ ይወጣል፤ የሚቀረው ሙዝ የመሰለ ቀጭን ቱቦ ነው። ባይፓስ የሚባለውን ሌላውን ዓይነት ቀዶ ሕክምና የተሠራ ሰው ደግሞ ምግቡ የሚያርፍባት ቦታ መጀመሪያ ላይ ከአንድ እንቁላል አትበልጥም። እንግዲህ በዚህች ላይ የእናት ጉርሻ ሲጨመርባት አስቡት።

ከውኃ ልጀምር። የበለጠ የጎዳኝ እሱ ነው።

ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። በሐምሌ ብርድ ማንን ውኃ ይጠማዋል? እኔም አልጠማኝም፤ ስላልጠማኝም አልጠጣሁም፤ በመጀመሪያው ክረምት ሽንቴ እንደ ሻይ እስኪጠቁር፣ ከወንበር ስነሳ ዓይኔ እስኪጨልም ድረስ ነገሩ አልገባኝም ነበር። በቀን ቢያንስ 1.5 ሊትር ያስፈልገናል። ችግሩ እንደ ድሮው ብርጭቆውን ግጥም አድርገን መጠጣት አንችልም። ስለዚህ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ያዙ፣ በቀን ሦስቴ ሙሏት፣ ቀኑን ሙሉ ፉት ፉት በሉ። ምግብ ላይ ግን አትጠጡ። ከበላችሁ በኋላ ግማሽ ሰዓት ታገሡ፤ ያለዚያ ወይ ያስመልሳችኋል፣ ወይ ውኃው ቦታውን ይይዝና ምግቡ ይቀራል።

ወደ ሸዋ ሮቢት የምትወርዱ ደግሞ በጣም ተጠንቀቁ። ከ1,400 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው። ለሠርግ ወርጄ ጋቢዬን ደብረ ሲና ላይ አወለቅኩ፣ ሮቢት ስደርስ በላብ ተጠምቄ ነበር። ዘመድ ሮጦ ቀዝቃዛ ለስላሳ ሰጠኝ። በፍቅር ነው የሰጠኝ። ጋዙ ሆዴን ነፋው፣ ስኳሩ ልቤን ደብደብ አደረገው፣ ላቤ ባሰ፣ ተኛሁ። ባይፓስ የተሠራን ሰውማ ጣፋጭ ነገር ይበልጥ ይጥለዋል። የማንጎ ጭማቂም ቢሆን ያው ስኳር ነው። ለእንግዳችሁ ንጹሕ ውኃ ስጡት፣ በቃ።

ፍልሰታ ደግሞ ደረሰ። ይሄን በጥንቃቄ ልናገር፣ ጾም ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ሕፃናት እንኳ የሚጾሙት ጾም ነው። ግን በመጀመሪያው ዓመት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ውኃ መዋል ለተሠራ ሰው አደገኛ ነው። እኔ ሐኪሜንም የንስሐ አባቴንም ጠየቅኩ። አባታችን «ውኃሽን ጠጪ፣ መድኃኒትሽ ነው» አሉኝ። እናንተም ሳትጠይቁ አትወስኑ።

የጾም ምግብ ራሱ ክፉ አይደለም፣ ቅደም ተከተሉ ነው የሚያስቸግረው። በቀን ከ60 ግራም ያላነሰ ፕሮቲን ማግኘት አለብን፤ ካልሆነ ጡንቻችን ይሟሽሻል፣ ፀጉራችን ይረግፋል። ስለዚህ መጀመሪያ ወጡን ብሉ። ክክ፣ ምስር፣ ቀጠን ያለ ሽሮ በማንኪያ። እንጀራው ቦታ ከተረፈ ይደርሳል። ካልተረፈ ይቅር። በጾም 60 ግራም መሙላት ከባድ ነውና የፕሮቲን ዱቄት እንደሚያስፈልጋችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ሙልሙል! ልጆቹ ጅራፋቸውን እያጮኹ መጡ፣ ቤቱ በዳቦ ሽታ ታወደ፣ እኔም ከምጣዱ የወጣውን ትኩስ ዳቦ ሁለት ሦስቴ ጎረስኩ። ደረቴ ላይ ቆመ። አልወርድም አልወጣም አለ። ምራቄ ሞላ፣ እንባዬ ወረደ፣ ጓሮ ሄጄ እስኪወጣልኝ ድረስ የምሞት መሰለኝ። ትኩስ ዳቦ ስታኝኩት ተመልሶ ሊጥ ይሆናል፣ ቱቦውን ይደፍነዋል። ደርቆ የተጠበሰ ቁራሽ ይሻላል፣ እሱም በደንብ ታኝኮ።

እሸትም እንደዚያው። የበቆሎ ጥብስ ገለባው አይፈጭም። የባቄላ እሸት ቀቅላችሁ ልጡን ላጡት፣ ያኔ ግሩም ምግብ ነው። ቆሎ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ይቅርባችሁ። ጠላና አረቄ ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በፍጥነት ደም ውስጥ ይገባሉ፣ ትንሹ ያሰክራል። አረቄን ጨርሶ አትንኩ።

አሁን ወደ ንጽሕናው። በክረምት ጎርፍ ምንጭና ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ ታይፎይዱም አሜባውም አብሮ ይመጣል። ማንም ይታመማል፣ እኛ ግን የጨጓራችን አሲድ ቀንሷል፤ ጀርሙን የሚገድለው እሱ ነበር። ሲያስቀምጠንና ሲያስመልሰን ደግሞ የወጣውን በአንድ ጊዜ ጠጥተን መተካት አንችልም። ስለዚህ ውኃውን አፍሉት። ወተቱንም አፍሉት። ወጥ ከወረደ ከሁለት ሰዓት በላይ ደጅ አይቆይ፣ እንደ ሮቢት ባለ ሙቀት ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። ያደረውን ሞቅ ብቻ አታድርጉት፣ ይንፈቅፈቅ። ለእንቁጣጣሽ በግ ሲታረድ ጥሬው ይቅርባችሁ። የተጠበሰ ደረቅ ሥጋም ለዚህች ጨጓራ ከባድ ነው፤ ምንቸት አብሽ ግን ተፈጭቶ የበሰለ ስለሆነ ይስማማታል።

አንድ ነገር ግን በጣም አደራ። ማስመለስ ከአንድ ሁለት ቀን ካለፈ «ቅዝቃዜ መታኝ» ብላችሁ አትተኙ። ቫይታሚን ቢ1 ቶሎ ያልቃል፤ ዓይን ብዥ ማለት፣ መንገዳገድ፣ ግራ መጋባት ከመጣ ነርቭና አንጎል እየተጎዳ ነው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ፣ ቀዶ ሕክምና እንደተሠራችሁም መጀመሪያ ተናገሩ። የቫይታሚንና የማዕድን ኪኒኖቻችሁ ዕድሜ ልክ ናቸው። አይረኑን ከቡናና ከሻይ አርቁት፣ ከካልሲየሙም ሁለት ሰዓት ያህል ይራቅ። ራሳችሁን ሲያማችሁ አይቡፕሮፊን ወይም ዳይክሎፌናክ ዝም ብላችሁ አትዋጡ፤ በተለይ ባይፓስ የተሠራ ሰው ጨጓራው ይቆስላል።

እሺ፣ ወደ ቤተሰብ ልመለስ።

የመጀመሪያው እንቁጣጣሽ ላይ እናቴ ዶሮ ወጥ ሠራች። ሽንኩርቱን ከሌሊት ጀምራ ነው ያቁላላችው። እኔ ሦስት ማንኪያ በልቼ አቆምኩ። «በሞቴ» አለች። «አፈር ስሆን» አለች። አንድ ጉርሻ ተቀበልኩ፣ ጓሮ ሄጄ አስመለስኩ። ስመለስ እያለቀሰች ነበር፣ ምግቧን የናቅኩባት መስሏት። እሷ ሳታበላ የምትወድበት ሌላ መንገድ አልተማረችም፤ እኔም አስቀድሜ ቁጭ ብዬ አላስረዳኋትም። ጥፋቱ የኔ ነው።

በማግስቱ አስረዳኋት። ሐኪሙ የሣለልኝን ሥዕል አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ «ይህቺ ብቻ ናት የቀረችሽ?» አለችኝ።

ባለፈው ዓመት በዓሉን ቤቷ ስሄድ ለሁሉም ትሪ ቀረበ። ለእኔ በስኒ ማስቀመጫ መጣ። አንድ እንቁላል፣ ትንሽ የተቀነጣጠበ የዶሮ ሥጋ፣ ከጎኑ የሻይ ማንኪያ። ምንም አላለችኝም። አጠገቤ ተቀምጣ ቀስ ብዬ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።