ስለ ስታዲየሙ ጠየቅኩ፣ ማስታወቂያ ገባ

እሺ፣ እንዴት ሰነበታችሁ።

ባለፈው የፖድካስቱ ክፍል የጀመርኩትን የቤት ኪራይ ወሬ ዛሬ እቀጥላለሁ ብዬ ነበር። መልእክታችሁን ሁሉ አንብቤዋለሁ፣ እመለስበታለሁ። ግን ሌላ ነገር ሆዴ ገብቶ አልወጣ አለኝ። እሱን ሳላወራ ሌላ ማውራት አልቻልኩም።

ሬዲዮ ላይ የቀረብኩትን የሰማችሁ አላችሁ። እህቴም ሰምታለች። አዎ፣ ያቺው የቡና ክለብ ደጋፊዋ። ገና ከስቱዲዮ ስወጣ ደወለችና “ምን ብለሃቸው ነው ማስታወቂያ ያስገቡት?” አለችኝ። ምንም አላልኳቸውም። ጥያቄ ጠየቅኩ።

ቆይ፣ በደንብ ልንገራችሁ።

ርዕሱ የስታዲየም እድሳት ነበር። አቅራቢው ትልቅ ሰው ናቸው። ኳስን የወደድኩት በእሳቸው ድምፅ ነው። ስማቸውንም ጣቢያውንም አልጠራም፤ ነገሩ የእሳቸው ብቻ አይደለማ። ስቱዲዮዋ ጠባብ ናት፣ ጉልበታችን ሊነካካ ምንም አልቀረው። ከማይክራፎናቸው ሥር በፕላስተር የተለጠፈ ወረቀት አለ። የስፖንሰሮች ዝርዝር ነው፣ በእጅ የተጻፈ። ከየስሙ ጎን የሚነበብበት ሰዓት አለ። አንዱ ስም በቀይ እስክሪብቶ ሁለቴ ተሰምሮበታል። ዓይኔ ሄዶ ሄዶ እዚያ ላይ ያርፋል።

“እድሳቱን እንዴት አየኸው?” አሉኝ። ሳሩ ያምራል አልኩ። ወንበር መገጠሙ ጥሩ ነው፣ መልበሻ ክፍሎቹም ድሮ የነበሩት ዓይነት መሆን የለባቸውም አልኩ። ከልቤ ነው ያልኩት። ከዚያ “ጋሼ፣ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅ” አልኩ። “ይሄ የሕዝብ ገንዘብ ነው። በየከተማው ስታዲየም ይሠራል፣ ይታደሳል። መጀመሪያ ስንት ተባለ? ሲያልቅ ስንት ደረሰ? ጭማሪውን ማን ፈቀደ? እኛ የስፖርት ሚዲያዎች ይሄን ጠይቀን እናውቃለን ወይ?”

አዩኝ። ቁጣ የለም ፊታቸው ላይ። እጃቸውን ብቻ ከፍ አደረጉ፣ ከመስታወቱ ወዲያ ላለው ልጅ። “ከአጭር ማስታወቂያ በኋላ እንመለሳለን።”

ማስታወቂያው ተለቀቀ። ቀይዋ መብራት ጠፋች። ማዳመጫቸውን አውልቀው አንገታቸው ላይ አደረጉና እንዲህ አሉኝ፦ “ልጄ፣ አንተ ፖድካስት አለህ። ስልክህን ታበራለህ፣ ትናገራለህ፣ ትለቀዋለህ። እኔ የአየር ሰዓት ኪራይ አለብኝ። ወር በገባ ቁጥር።”

“ጥያቄው ኪራዩን ምን ያደርገዋል ጋሼ?” አልኳቸው።

ጣታቸውን ያቺ ቀይ የተሰመረባት ስም ላይ አሳረፉ። የመንግሥት ድርጅት ነው። ክለብ አለው። “እነዚህ ናቸው የሚከፍሉልኝ” አሉ። ድምፃቸው ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም ነበር፣ ያኔ ወረደ።

መብራቷ በራች። ማዳመጫውን መልሰው አደረጉና በዚያ በማውቀው ሙሉ ድምፅ “እሺ፣ እንግዳችን ስለ ሳሩ እየነገሩን ነበር” አሉ።

ስለ ሳሩ።

እኔም “ስለ ገንዘቡም አንስቼ ነበር” አልኩና ጥያቄውን ደገምኩት። “ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ለሚመለከተው አካል እናደርሳለን” አሉ። ከዚያ ስለ ዋሊያዎቹ፣ ስለ ብሔራዊ ቡድናችን፣ ጠየቁኝ። በቃ፣ አለቀ።

እህቴ “ዋሽተዋል” ትላለች። እኔ ግን አልዋሹም ነው የምለው። እንደውም ማስታወቂያው እየሄደ እያለ የነገሩኝ፣ ስለ እኛ አገር የስፖርት ሚዲያ ከሰማሁት ሁሉ እውነተኛው ነው። ችግሩ አየር ላይ አለመባሉ ነው። እና ሰውየው እውነቱን ለእኔ ነግረው ለአድማጭ አለመንገራቸው... ይሄ ነው ያላስተኛኝ መሰለኝ። ወይም ሌላ ነገር ይሆናል። እንጃ።

እስቲ አስቡት። ፕሪሚየር ሊጋችን ውስጥ ካሉት ክለቦች አብዛኞቹ የማን ናቸው? የከተማ አስተዳደር፣ የዞን፣ የባንክ፣ የኢንሹራንስ፣ የመብራት ኃይል፣ የመከላከያ። እንደ ጊዮርጊስና ቡና ደጋፊ ላይ ቆመናል የሚሉት ጥቂት ናቸው። የተጫዋቹ ደሞዝ ከሕዝብ ካዝና ነው። ስታዲየሙም ከሕዝብ ካዝና። ስለ ስታዲየሙ የሚያወራው ፕሮግራም ስፖንሰር ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ፣ እዚያው ካዝና ጋ የሚደርስ ገመድ አለው። ጋዜጠኛው ክፍለ ሀገር ሄዶ ስታዲየም ሲጎበኝ መኪናውንም አልጋውንም የሚችለው ጋባዡ ነው። ታዲያ ማን ማንን ይጠይቅ?

የሰፈራችን ዕድር እንኳ ድንኳን ሲገዛ ገንዘብ ያዡ ደረሰኙን ይዞ ይቆማል። ስንት ተገዛ፣ ከማን ተገዛ፣ ስንት ተረፈ ይባላል። አንዷ እናት ተነስታ “ሌላ ቦታ ይረክስ ነበር” ትላለች፣ ይመለስላታል። ማንም ማስታወቂያ አያስገባባትም።

ቆይ ደግሞ ስለ አድልዎ። አንድ ሰሞን ሁለት ፕሮግራም አከታትዬ ሰማሁ። ሁለቱም ስለ ስታዲየም ነው፣ የየራሳቸው ከተማ። የራስ ከተማ ሲሆን “ሥራው በጥሩ ሂደት ላይ ይገኛል”። የሌላው ሲሆን “ፕሮጀክቱ ተጓቷል፣ የሕዝብ ሀብት እየባከነ ነው”። ሁለቱም ጋ የነበረው ግን የቆመ ክሬንና ያልተገጠመ ወንበር ነው! አድማጩም ተከፋፍሎ ይሰዳደባል፣ የእናንተ፣ የእኛ እያለ። ብሩ ግን የእናንተም የእኛም ነው። በዚህ በጣም ነው የማዝነው። ጥያቄው ለኮንትራክተሩና ለፈቀደው ሰው መሄድ ሲገባው ጎረቤት ላይ ይወርዳል።

አባቴ የአዲስ አበባ ስታዲየም የካታንጋ ሰው ነበር፣ ታውቃላችሁ። ጥላ ፎቅ፣ ከማን አንሼ፣ ሚስማር ተራ... እነዚህን የደጋፊ መቀመጫ ስሞች የሰማሁት ስታዲየሙን ከማየቴ በፊት ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. እዚሁ አዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካን ዋንጫ ወሰድን። ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል፣ መንግሥቱ ወርቁ፣ ኢታሎ። አባቴ ሲያወራው ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ይነሳል። 1960 ላይም አዘጋጀን፣ 1968 ላይም አዘጋጀን። ካፍን፣ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን፣ ከመሠረቱት አገሮች አንዷ እኛ ነን። ይድነቃቸው ተሰማ ከ1964 እስከ 1979 ካፍን መርተዋል።

እና ያ ካፍ ነው በ2014 መጀመሪያ የመጨረሻ ተስፋችን የነበረውን የባሕር ዳርን ስታዲየም “አይሆንም” ያለው። መስከረም 29 ከደቡብ አፍሪካ ጋር እዚያ ተጫወትን፣ ከዚያ ታገደ። ኅዳር 2 ከጋና ጋር የነበረንን የሜዳችንን ጨዋታ ጆሃንስበርግ ሄድን። የሜዳችንን!

ከዚያ ሰኔ 2 ቀን 2014፣ ሊሎንግዌ፣ ማላዊ። ግብፅን 2 ለ 0። ዳዋ ሆቴሳ፣ ሽመልስ በቀለ። ያን ቀን ስታዲየም ዙሪያ፣ እነዚያ የስፖርት ትጥቅ ሱቆች ያሉበት ጋ ነበርኩ። አንዱ ሱቅ ትንሽ ቲቪ ወደ ደጅ አዙሮ ሰው ተሰብስቦ ያያል። ሁለተኛው ጎል ሲገባ የማላውቀው ሰው አቀፈኝ፣ ትከሻው ላይ የተሰቀለ ማሊያ ፊቴ ላይ ከነላስቲኩ ተለጠፈ። አለቀስኩ። ጀርባችን ስታዲየሙ ነው፣ ጨዋታው ማላዊ ነው። በማግስቱ ሁሉም ስለ ድሉ አወራ፣ ማውራትም ነበረበት። እኔ በሰማኋቸው ፕሮግራሞች ግን “የሜዳችንን ጨዋታ ማላዊ መጫወታችን ስንት ያስወጣናል? ትኬት ሳንሸጥ የምናጣውስ?” ያለ ሰው አልነበረም።

ካፍ የጠየቀው ደግሞ ተአምር አይደለም። ለእያንዳንዱ ተመልካች ወንበር፣ በቂ ፓውዛ፣ ደህና መልበሻ ክፍል፣ የሕክምናና የዶፒንግ ምርመራ ክፍል፣ የጋዜጠኞች ቦታ፣ ሥርዓት ያለው መግቢያ። የጋዜጠኞች ቦታ! እነሱ እንኳ ለራሳቸው ወንበር...

[ስልክ ይጠራል]

እማዬ ናት። ቀረጻ ላይ ነኝ ብያት ነበር፣ እደውልላታለሁ።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ። አደይ አበባ ስታዲየምን ውሰዱ። ከኢምፔሪያል አለፍ ሲል የምታዩት። በ2008 ተጀመረ። ከ60 ሺህ ሰው በላይ ይይዛል ተባለ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 2.47 ቢሊዮን ብር። ሁለተኛው፣ ጣሪያውን ወንበሩን ምኑን የያዘው፣ ከ5 ቢሊዮን ብር በላይ። ብር ደግሞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ ዋጋ ይሁን ተባለ፣ ዶላሩ በጥቂት ወራት ውስጥ እጥፍ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ መብራቱ፣ የጣሪያው ብረት፣ በዚያው ልክ ወጣ። ይሄ ሊገባኝ የሚችል ምክንያት ነው። ማንም ሌባ ሳይሆን ወጪው ሊያብጥ ይችላል። ታዲያ ንገሩና! ሲነገር እኮ ሰው ይገባዋል። ዝም ሲባል ነው በሐቅ የወጣውም ብር እንደተሰረቀ የሚታየው። ከተሰረቀው ጋር ይደባለቃል። ለባለሥልጣኑም የሚበጀው መጠየቁ ነው፤ ንጹሕ ከሆነ ማለቴ ነው።

አንዳንዶቻችሁ “ስታዲየም ቀርቶ ሐኪም ቤት ይሠራበት” ብላችሁ ጽፋችሁልኛል። እኔ... ግማሽ ልቤ አዎ ይላል። ጥቁር አንበሳ ወረፋ የያዘ ሰው ፊት ቆሜ ስለ ሳር ማውራት አልችልም። ግን የእህቴን ልጅ ሳየው ደግሞ ሐሳቤ ይዞራል። የማንችስተር ዩናይትድ ስታዲየም ኦልድ ትራፎርድ የትኛው ጎን ምን እንደሚባል ያውቃል፤ ካታንጋን አያውቅም። በ2013 ሊጉ በዲኤስቲቪ መታየት ሲጀምር ውድድሩ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሆነ። አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ከዚያ የእኛው የአዲስ አበባ ስታዲየም ተዘጋ። ልጁ ያደገው ያኔ ነው፣ ኳስ ማለት ለእሱ ስክሪን ነው። መሀል ከተማ፣ ከለገሃር ጥቂት እርምጃ፣ ከመስቀል አደባባይ አጠገብ ስታዲየም ያለው ልጅ! ስታዲየም ይሠራ። ይታደስ። ጥቅምት 2017 ካፍ ጉባኤውን እዚህ ሲያደርግ “በፈረንጆቹ የ2029ኙን የአፍሪካ ዋንጫ እናዘጋጅ” ሲባል ልቤ ዘሎ ነበር። አሁንም ይዘላል። አባቴ ዋንጫው ተመልሶ ሲመጣ አብሮኝ ቢቀመጥ...

ይሄን ሳስብ ነው ሬዲዮው የሚያናድደኝ። ለዚህ የሚበቃ ስታዲየም የሚወጣው “ስንት ደረሰ?” ተብሎ በየጊዜው ከተጠየቀ ነው። ሳሩ ያምራል ስለተባለ የአንድም ስታዲየም ጣሪያ አልተከደነም።

ግን እሳቸውስ ምን ያድርጉ? እውነቴን ነው። ቢጠይቁ ስፖንሰሩ ይሄዳል። ስፖንሰሩ ከሄደ ፕሮግራሙ ይዘጋል። ቦታውን ሌላ ሰው ይይዘዋል፣ ያም አይጠይቅም። እኔ እዚህ ክፍሌ ተቀምጬ “ደፋር ይሁኑ” ማለት ቀላል ነው። ኪራይ የለብኝም፣ ልክ ናቸው። እና የሚሰማኝስ ስንት ሰው ነው? እሳቸውን ታክሲ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማቸዋል። ቢጠይቁ ኖሮ...

አይ፣ አልስማማም። ወይም እስማማለሁ ግን... መንገድ ያለ ይመስለኛል። ብቻቸውን አይጠይቁ። ሁሉም ፕሮግራም በአንድ ሳምንት ያንኑ ጥያቄ ቢያነሳ ስፖንሰሩ ከማን ሸሽቶ ማን ጋ ይሄዳል? ይሄን ለእህቴ ስነግራት “እነሱ ተስማምተው? የጊዮርጊስና የቡና ጋዜጠኛ አንድ ጥያቄ ላይ?” አለችኝ። ለምን አይሆንም? ወንበሩ ላይ እኮ ሁለቱም ደጋፊ ነው የሚቀመጠው።

ጥያቄዎቹን ጽፌ ልላክላቸው እያልኩ ነው። አጭር፣ ንጹሕ፣ ማንንም የማይነካ። ውሉ ስንት ነበር፣ ስንት ሆነ፣ ለምን፣ ቀሪው መቼ ያልቃል። ስልካቸው አለኝ። ግን ከላክሁ በኋላ ዝም ካሉኝ... ወይ ደግሞ አንብበዋቸው ስፖንሰሩ ቢሄድባቸው፣ ያ ደግሞ በእኔ...

እንጃ፣ ገና አልወሰንኩም። ድሬዳዋና ሐዋሳ ያላችሁ ግን፣ እናንተ ጋ ስላለው ስታዲየም የከተማችሁ ሬዲዮ ምን እንደሚል ድምፅ ቅዱልኝ። የሚጠይቅ ካለ በተለይ። ነቀምቴም ያላችሁ። እማዬ እንደገና እየደወለች ነው፣ ላንሳላት...