ቅዳሜ የአማርኛ ቀን ነው

ሶስና፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ስለ ቅዳሜና እሁድ ነው የምናወራው። ጃፓን ውስጥ ከትንንሽ ልጆች ጋር እንዴት እንደምናሳልፈው። ብሩክዬ፣ ሰላም ነህ? ድምፅህ ደከም ብሏል።

ብሩክ፦ ሰላም ነኝ ሶሲ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ትናንት የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። ጠዋት ገብቼ ሁለት ሰዓት እንደተኛሁ ልጄ መጣና ዓይኔን በጣቱ ከፈተው። «ዶዮቢ!» አለኝ። ቅዳሜ ነው ማለቱ ነው።

ሶስና፦ በጃፓንኛ።

ብሩክ፦ በጃፓንኛ። ዛሬ ላወራ የፈለግኩትም እሱን ነው። ልጄ አራት ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ አርብ ሆይኩኤን፣ ማለትም የሕፃናት መዋያ ይውላል። የሚበላው፣ የሚዘፍነው፣ የሚጣላውና የሚታረቀው በጃፓንኛ ነው። ማታ እቤት ስናመጣው እራት፣ ገላ፣ እንቅልፍ። በቃ። አማርኛ የሚሰማው ያቺን አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ስለዚህ ለእኔ ቅዳሜና እሁድ የእረፍት ቀን አይደለም። የአማርኛ ቀን ነው።

ሶስና፦ የእኔዋ ትንሿ ደግሞ «አንቺ» የሚል ነገር የላትም። እኔንም፣ እህቷንም፣ አሻንጉሊቷንም «አንተ» ትላለች። በጃፓንኛ ወንድና ሴት በ«አንተ» እና በ«አንቺ» አይለይም። ከየት ታምጣው? ሰፈር ውስጥ የሚሰማ የለም። እኛ ስናድግ አማርኛ ያስተማረን እናታችን ብቻ አይደለችም። ጎረቤቱ፣ ባለሱቁ፣ የሰፈር ልጅ ነው። እዚህ ያ ሁሉ ሰው እኔና አባቷ ነን።

ብሩክ፦ እሱ ነው እኮ። መሥሪያ ቤቴ ውስጥ አንድ አባባል አለ፤ «ካዞኩ ሳቢሱ» ይሉታል። «የቤተሰብ አገልግሎት» እንደማለት ነው። አባት በእረፍት ቀኑ ልጆቹን ይዞ ሲወጣ እንደዚያ ይባላል። ሰኞ ጠዋት «ትናንት ምን ሠራህ?» ሲባል «ካዞኩ ሳቢሱ» ብሎ የሚመልስ ብዙ ነው። ሰዎቹ ጥሩ አባቶች ናቸው፣ አልወቅሳቸውም። ቃሉ ግን አይመቸኝም። አገልግሎት ለደንበኛ ነው። ልጄ ደንበኛዬ አይደለም።

ሶስና፦ ቃሉ ባይመችህም መጀመሪያ አካባቢ አንተም እንደዚያ ታደርግ ነበር።

ብሩክ፦ አደርግ ነበር፣ እውነት ነው። ስለ አንዱ ቅዳሜ ልንገርሽ። ትልቅ መዝናኛ ፓርክ ወሰድነው። ለአንድ ወር ገንዘብ አጠራቅመን። ባቡር ሦስት ጊዜ ቀየርን። ባቡር ውስጥ ሰው ሁሉ ዝም ነው፣ ልጁ ሲያወራ እኔ «እሽሽ» እላለሁ። እዚያ ደርሰን ሰልፍ። ከሰልፍ ወጥተን ሌላ ሰልፍ። ማታ እሱ ጀርባዬ ላይ ተኝቶ ስንመለስ ባለቤቴ «ዛሬ ምን ምን አወራችሁት?» አለችኝ። አሰብኩ። «ዝም በል። ቆይ። ና። እንዳትነካ።» አራት ትእዛዝ ነው። ሙሉ ቅዳሜ፣ ያን ሁሉ ብር ከፍለን፣ ልጄ ከእኔ የሰማው አማርኛ አራት ትእዛዝ ነው።

ሶስና፦ ወይኔ ብሩክዬ።

ብሩክ፦ ከዚያ በኋላ ቦታ ስመርጥ አንድ ጥያቄ ነው የምጠይቀው። «እዚያ ሆነን ማውራት እንችላለን ወይ?»

ሶስና፦ እኔ በዚህ ምክንያት ነው ብስክሌት የምወደው። ማማቻሪ የሚባለው፣ የልጅ መቀመጫ ያለው የእናቶች ብስክሌት። አንዷ ከፊት፣ አንዷ ከኋላ ነበሩ። ለሁለት ልጅ ተብሎ የተሠራ ከሆነ ከ2009 ጀምሮ ይፈቀዳል። ልጆቹ ግን አንደኛ ክፍል ያልገቡ መሆን አለባቸው። አሁን ትልቋ ገብታለችና የራሷን እየነዳች ጎን ጎኔ ናት። ብስክሌት ላይ ማንንም አትረብሺም። እየዘፈንሽ ትሄጃለሽ። ትንሿ ከኋላዬ ሆና የምታየውን ሁሉ ትጠይቀኛለች፣ እኔ በአማርኛ እመልሳለሁ። «ያ ምንድነው?» «ድልድይ ነው።» «ያኛውስ?» «እሱም ድልድይ።» በዚህ ሰፈር ድልድይ አያልቅም።

ብሩክ፦ አድማጮቻችን እንዲያውቁት፣ እኛ ያለነው ቶኪዮ በስተምሥራቅ፣ ካትሱሺካ ነው። ዮትሱጊ አካባቢ። ቶኪዮ ውስጥ ሐበሻ በብዛት ያለበት ሰፈር ነው። አጠገባችን አራካዋ ወንዝ አለ።

ሶስና፦ ስለ ወንዙ ንገራቸው እስቲ፣ ያን ቀን የነገርከኝን።

ብሩክ፦ ይሄ እዚህ የምናየው አራካዋ በሰው እጅ የተቆፈረ ነው። በ1910 ቶኪዮን ከባድ ጎርፍ መታት። ከዚያ በኋላ ውሃው ከተማውን ሳይጎዳ ወደ ባሕር እንዲወርድ አዲስ መተላለፊያ ተቆፈረለት። ወደ 22 ኪሎ ሜትር ነው። ውሃ የለቀቁበት በ1924፣ ሥራው ያለቀው በ1930 ነው። በሁለቱም በኩል ያ ከፍ ያለ ግድብ ለዚህ ነው። ሣር ለብሷል፣ ቁልቁል ነው። ልጆች ካርቶን ይዘው ይመጡና ከላይ እስከ ታች ይንሸራተታሉ።

ሶስና፦ በነፃ።

ብሩክ፦ በነፃ! ካርቶኑን ከሱፐርማርኬት ታገኚዋለሽ። ልጄ እዚያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ይንሸራተታል። እኔም እንሸራተታለሁ። እየጮህን ነው የምናወራው። «ያዝ! አጥብቀህ ያዝ! ተገለበጥክ!» እነዚህን ቃላት ቤት ውስጥ ቁጭ ብዬ በምን ላስተምረው? «ተገለበጠ» የሚለውን ቃል ተገልብጦ ነው የተማረው።

ሶስና፦ የእኔ ልጆች «ፍየል» የተማሩት ግዮሰን ፓርክ ነው። ኤዶጋዋ፣ ኒሺ ካሳይ አካባቢ። ፓርኩ ውስጥ ትንሽ የእንስሳት ማቆያ አለ፣ መግቢያው በነፃ ነው። ሰኞ ዝግ ነው እንጂ ቅዳሜና እሁድ ክፍት ነው። ፔንግዊን አለ፣ ፍየል አለ። ልጄ ፍየሏን እየዳሰሰች «ያጊ» አለች፣ በጃፓንኛ። እኔ «ፍየል» አልኳት። ከዚያ ስለ አያቷ ፍየሎች ነገርኳት። የትኛዋ ትዋጋ እንደነበር፣ የትኛዋ ጎመን እንደጨረሰችብን። ሌላ እንስሳ ሳናይ ቀኑ አለቀ። በማግሥቱ ለእናቴ ደውላ «አያቴ፣ ፍየልህ ደህና ናት?» አለቻት። እናቴ ከሳቋ ብዛት መመለስ አቃታት። ከዚያ ስታለቅስ ሰማኋት።

ብሩክ፦ «ፍየልህ»! እግዜር ያሳድጋት።

ሶስና፦ አሜን። አንተ ደግሞ የባቡር አባት ነህ።

ብሩክ፦ እኔ አይደለሁም፣ ልጁ ነው። አድማጮቻችን ልጃችሁ ባቡር የሚወድ ከሆነ ካሳይ ጣቢያ ሐዲዱ ሥር የምድር ውስጥ ባቡር ሙዚየም አለ። ትልቅ ሰው 220 የን፣ ልጅ 100 የን ነው። በእስያ የመጀመሪያው የምድር ባቡር በ1927 ከኡኤኖ እስከ አሳኩሳ ሲከፈት የሄደበት ቢጫው ፉርጎ እዚያ ቆሟል። መንጃ ማስመሰያም አለ፣ ተራ ይዞ መንዳት ይቻላል። መጓጓዣውም ከባድ አይደለም። ትምህርት ቤት ያልገባ ልጅ ከሚከፍል ሰው ጋር በነፃ ይሳፈራል፤ ለአንድ ከፋይ እስከ ሁለት ልጅ።

ሶስና፦ ስለ ምግብ ሳናወራ እንዳናልፍ፣ እናቶች የሚጠይቁኝ እሱን ነው። በተለይ በጾም። ጃፓን ውስጥ የጾም የሚመስል ምግብ ሞልቷል፤ ሩዝ፣ ቶፉ፣ የባሕር አረም። ግን ሾርባው ብዙ ጊዜ ከደረቀ ዓሣ ነው የሚወጣው። ኢናሪ የሚሉት፣ በተጠበሰ ቶፉ የተጠቀለለው ሩዝ፣ አብዛኛው እንደዚያ ነው። ዓሣ ለማትበሉ፣ እኔ ኦኒጊሪውን፣ ያን የተድቦለቦለ ሩዝ፣ ራሴ እሠራዋለሁ። ምስር ወጥ ጠንከር አድርጌ ሠርቼ ሩዙ መሃል እከተዋለሁ። ልጆቼ ኡሜ ከሚባለው በጨው ከተዘፈዘፈው ፕለም ይልቅ እሱን ይመርጣሉ። ውሃ በኮዳ፣ የሚነጠፍ ሸራ፣ እርጥብ ፎጣ፣ የቆሻሻ ከረጢት። ፓርክ ውስጥ ብዙ ጊዜ የቆሻሻ መጣያ አታገኙም፣ ሁሉም የራሱን ይዞ ነው የሚመለሰው።

ብሩክ፦ ዝናብ ሲሆንስ? ሰኔ ላይ መውጫ የለም።

ሶስና፦ ጂዶካን። የሰፈር የልጆች ማዕከል ነው፣ በነፃ። እሁድ የሚዘጋም አለ፣ ቀድሞ ማየት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ሙቀቱ ያደክማል፤ በጠዋት ወጥቶ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በፊት መመለስ ነው የሚሻለው።

ግን አንድ ነገር ልበል፣ ብሩክዬ። እኛ ሁለታችንም ባል ሚስት አለን። ብቻዋን የምታሳድግ እህት አለች። ቅዳሜ የምትሠራ አለች። እሷን «የአማርኛ ቀን ነው» ብንላት ሸክም መጨመር ይሆንባታል። እኔ ባሌ ለአራት ወር ሌላ ከተማ ሲሠራ አይቼዋለሁ። እሁድ ማታ ድምፄ ተዘግቶ ነበር።

ብሩክ፦ ልክ ነሽ። እኔም የማስበው ስለዚህ ነው። ለምን አብረን አንወጣም? ሁለት ሦስት ቤተሰብ። ሚዙሞቶ ፓርክ እኮ እዚሁ ካትሱሺካ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ውሃ አለ፣ ሣር አለ። አንዱ ልጆቹን ሲያሯሩጥ ሌላው ይተኛል። ልጆቹ ደግሞ እርስ በርስ…

ሶስና፦ እርስ በርስ በጃፓንኛ ያወራሉ።

ብሩክ፦ ያወራሉ። ይሁን። ግን ዙሪያቸውን አምስት ትልቅ ሰው በአማርኛ ሲያወራ፣ ሲከራከር፣ ሲስቅ ይሰማሉ። ያ ነው የጎደላቸው። አማርኛ የእናትና የአባት ምስጢር ቋንቋ እንዳይመስላቸው ነው።

ሶስና፦ በዚህ እስማማለሁ። የሚቀጥለው ቅዳሜ ይሁን፣ ምስሩን እኔ አመጣለሁ። አሁን የቾፉን ንገራቸው፣ ከሁሉም እሱ ነው ደስ ያለኝ።

ብሩክ፦ ቾፉ በቶኪዮ በስተምዕራብ ነው። ከእኛ ሩቅ ነው። ግን በዓመት አንዴ ይገባዋል። በ1964 የቶኪዮ ኦሎምፒክ ማራቶን ከስታዲየም ተነስቶ ኮሹ ካይዶ በሚባለው መንገድ ይሄድና ቾፉ ላይ ዞሮ ይመለስ ነበር። ሯጮቹ የዞሩበት ቦታ ላይ መንገድ ዳር ምልክት ቆሟል፣ ከቶቢታክዩ ጣቢያ ብዙም አይርቅም። አበበ ቢቂላ እዚያ ጋ ነው የዞረው። ትርፍ አንጀቱን ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ አልሞላውም ነበር። 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ።

ሶስና፦ ልጁ ገባው?

ብሩክ፦ ስለ ሰዓቱ ግድ አልሰጠውም። «እዚህ ጋ አበበ ተመለሰ» አልኩት። «ለምን ተመለሰ?» አለኝ። እኔ ለዚህ አልተዘጋጀሁም። «የጀመረበት ቦታ ሰዎች እየጠበቁት ስለነበር» አልኩት። ትንሽ አሰበ። ከዚያ ምልክቱ ጋ እየሮጠ ደርሶ ዞረ። «ተመለሰ!» አለ። እንደገና ሄደ። «ተመለሰ!» ሠላሳ ጊዜ ይሆናል። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያየዋል። ከዚያ ሙሳሺኖ ኖ ሞሪ ፓርክ ገባን። የቾፉ ትንሽ አየር ማረፊያ አጠገቡ ነው፣ ወደ ኢዙ ደሴቶች የሚሄዱ ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲነሱና ሲያርፉ ይታያሉ። አንዱ ባረፈ ቁጥር «ተመለሰ!»

ሶስና፦ ቃሉ ገባው ማለት ነው።

ብሩክ፦ ቆይ፣ ገና ነው። በሳምንቱ አራካዋ ነበርን። ካርቶን ላይ። በእኛ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ያ የሰፈሩ ድምፅ ማጉያ የልጆች ዜማውን ለቀቀ። ታውቂዋለሽ።

ሶስና፦ እንዴት አላውቀውም። ለአደጋ ጊዜ የተተከለው ድምፅ ማጉያ መሥራቱን የሚፈትኑበት ነው። ልጆች ግን ወደ ቤት ግቡ የተባሉ ያህል ነው የሚሰሙት።

ብሩክ፦ አዎ። ሌሎቹ ልጆች «ካኤሮ፣ ካኤሮ»፣ ወደ ቤት እንሂድ፣ እያሉ ቦርሳቸውን አነሱ። የእኔው ካርቶኑን አጠፈ፣ እጄን ያዘና «አባዬ፣ እንመለስ» አለኝ።

ሶስና፦ «እንመለስ።»

ብሩክ፦ «እንመለስ።» ያን ቃል እኔ አላስተማርኩትም። «ተመለሰ»ን ይዞ ራሱ ሠራው።