ፓካርድ፣ የዩቲካ መፈተኛ ሜዳና ሰባቷ ሰከንድ

ዳዊት፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ የምናወራው ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ መኪና አምራች ሚቺጋን ውስጥ፣ ዩቲካ አጠገብ ስላሠራው የመኪና መፈተኛ ሜዳ ነው።

ሜሮን፦ ቶርሽን ሌቭል ውስጥ፣ ያ የምትወደው የፓካርድ የጎማ ማንጠልጠያ ሥርዓት ውስጥ፣ ገብተህ ካልቀረህ።

ዳዊት፦ አልገባም! ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው። በ1928 ተወዳዳሪው ሊዮን ዱሬ በሚለር የውድድር መኪና በሰዓት 148 ማይል፣ ማለትም 238 ኪሎ ሜትር ያህል በረረበት። ሞላላ የኮንክሪት መንገድ ነው፤ ዙሩ 2.5 ማይል።

ሜሮን፦ በዚያ ዘመን ጎማ!

ዳዊት፦ ኩርባው በውጪ በኩል ከፍ ያለ ነው። ተዳፋቱ ከፍጥነቱ ጋር ከተመጣጠነ መኪናውን የሚያዞረው መንገዱ ራሱ ነው፤ ጎማው ወደ ጎን አይፋተግም።

ሜሮን፦ ኩባንያውንስ ማን መሠረተው?

ዳዊት፦ ጄምስ ዋርድ ፓካርድ። ዊንተን መኪና ገዝቶ አልረካበትም፤ በ1899 ከወንድሙ ጋር ዋረን፣ ኦሃዮ ውስጥ የራሱን ሠራ። በ1903 ዲትሮይት ገቡ። በ1915 ባለ 12 ሲሊንደሩ ትዊን ሲክስ መጣ። የ1955ቱ ግን...

ሜሮን፦ ይኸው ገባ!

ዳዊት፦ ሰባት ሰከንድ ታገሺኝ። ከፊት ሞላ የለ፣ ከኋላ ባልስትራ የለ። በየጎኑ አንድ ረጅም የብረት ዘንግ የፊቱን ጎማ ከኋላው ያያይዛል። የፊቱ ጎማ ጉብታ ሲመታ ዘንጉ ይጠመዘዝና ኃይሉ ወደ ኋላ ይተላለፋል፤ መኪናው አፍንጫውን አይደፋም። ከኋላ ሰው ሲሞላ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር አጫጭር ዘንጎችን ጠምዝዞ ቁመቱን ያስተካክላል።

ሜሮን፦ ሰባቷ ሰከንድ የታለች?

ዳዊት፦ ሞተሩ ወዲያው አይነሳም፤ ሰባት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ባይጠብቅ ኖሮ በየጉድጓዱ እየተነሳ ባትሪውን ይጨርሰው ነበር።

ሜሮን፦ ሜዳውስ? ርዕሳችን እሱ አልነበረም?

ዳዊት፦ የ1955ቱን አዲስ ባለ 8 ሲሊንደር ሞተር፣ ቪ8ቱን፣ እዚያው ነው የፈተኑት። 25,000 ማይል፣ በአማካይ ከ104 ማይል በሰዓት በላይ። 10,000 ዙር መሆኑ ነው!

ሜሮን፦ ታዲያ ደንበኛው እጅ ሲገባ ፑንቴሪያው፣ ያ ቫልቮቹን የሚያስከፍተው ክፍል፣ ለምን ተንኳኳ?

ዳዊት፦ ጥፋቱ የዘይት ፓምፑ ነው። ለዝናብ መጥረጊያው የሚያገለግል የቫኪዩም ፓምፕ ከሥሩ ለጥፈውበታል። እሱ ሲላላ አየር ወደ ዘይቱ ይገባል። ፑንቴሪያው ሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት የሚሠራ ስለሆነ ውስጡ ዘይት ብቻ መሆን አለበት፤ አየር ከገባ ይታመቃል፣ ይንኳኳል።

ሜሮን፦ ስለዚህ ፈተናው ዋጋ የለውም። ቀን ከሌት በአንድ ፍጥነት መሮጥ የከተማን ቁም-ሂድ አያሳይም።

ዳዊት፦ ዋጋማ አለው፤ የሞተሩን ጥንካሬ አሳይቷል። የጎደለው ጊዜ ነው፤ ተጣድፈው ነው ገበያ ያወጡት።

ሜሮን፦ እኔ በ1954 ከሌላው መኪና አምራች ከስቱድቤከር ጋር መቀላቀላቸውን ነው የምወቅሰው። ገንዘቡን የበላው እሱ ነው።

ዳዊት፦ እሱም አለበት። ግን የሚንኳኳ መኪና የያዘ ሰው ለጎረቤቱ ምን ይላል? በ1956 የዲትሮይቱ ምርት ቆመ፣ በ1958 ስሙም ጠፋ።

ሜሮን፦ ዛሬ አንዱን ያገኘ ሰው ምን ያድርግ?

ዳዊት፦ ኮፓውን፣ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት መያዣ፣ ያውርድ፣ የቫኪዩሙን ክፍል አውጥቶ ቦታውን በጠፍጣፋ ብረት አጥብቆ ይድፈን፣ መጥረጊያውን ወደ ኤሌክትሪክ ይቀይር።