ዋና ከተማ የነበርንባቸው ሰባት ወራት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የጎሬ ልጆች፣ ከአዲስ አበባም ከዚያም ወዲያ መንገዱን ችላችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ እንኳን በደህና መጣችሁ።

ኮሚቴው «ስለ ከተማችን ታሪክ አጠር አድርገህ ተናገር» ብሎኛል። እሞክራለሁ። አንድ ነገር ሳልናገር ግን ከዚህ መድረክ አልወርድም። አገራችን ክፉ ቀን ቢመጣ መንግሥቷ የት እንደሚቀመጥ ዛሬም አልወሰነችም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 49 ዋና ከተማዋ አዲስ አበባ ናት ይላል። መልካም። አዲስ አበባ አልሆን ያለች ቀንስ? ስለዚያ አንድ ቃል የለም።

ይህን መጠየቅ ከማንም በላይ ለእኛ ይገባል። ለምን እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በባቡር ወደ ጅቡቲ ሄዱ። አዲስ አበባ ስትዘረፍና ስትቃጠል ቆይታ ሚያዝያ 27 ጣሊያን ገባ። መንግሥቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ጎሬ ይዙር ተብሎ ነበር። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ ጊዜያዊውን መንግሥት እንዲመሩ፣ ራስ እምሩ ደግሞ እንደራሴ እንዲሆኑ ተሾሙ። እስከ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ድረስ የኢትዮጵያ መንግሥት አድራሻ ይህቺ ተራራ ነበረች።

አያቴ ያኔ የ12 ዓመት ልጅ ናት። ሹማምንቱ የደረሱት በዝናብ ነው ትል ነበር። በቅሎዎቹ እስከ ሆዳቸው ጭቃ ነክተዋል። አባቷ ቤት ያረፉት ሰዎች ሁለት ሣጥን ይዘው ገቡ። እሷ ብር መስሏት ነበር። ሲከፈት ወረቀት ነው። ያውም የራሰ ወረቀት። ሰዎቹ ከእራት በፊት «ይድረቅልን» አሉ። ምድጃው ዙሪያ ሰሌን ተነጠፈና ወረቀቱ አንድ በአንድ ተሰጣ። አያቴ ሌሊቱን ሙሉ እሳት ስታነድና ወረቀት ስትገለብጥ አደረች። ቀለሙ ለቆ ሰሌኑ ሰማያዊ ሆነ፤ ጣቷም ሰማያዊ ሆነ። ማንበብ አትችልም። ምን እንደተጻፈበት እስክትሞት አላወቀችም። ግን ስታወራልን እጇን ዘርግታ ጣቷን ታየው ነበር፣ ቀለሙ ያለ ይመስል።

እንግዲህ አስቡት። የአንድ አገር መንግሥት ሰነዱን የሚያደርቅበት ቦታ አጥቶ፣ የአንዲት ልጅ ምድጃ ሥር አደረ!

ጎሬ የተመረጠችው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከጦር ግንባሩ ሩቅ ናት። በጋምቤላ በኩል የሱዳን በር አላት፤ በክረምት ባሮ ሲሞላ መርከቡ ቡናችንን ጭኖ ካርቱም ይወርድ ነበር። የእንግሊዝ ቆንስላም እዚሁ ነበረ። ምርጫው ጥሩ ነው። የጠፋው ዝግጅቱ ነው። ጎሬ የታሰበችው ቤቱ ከነደደ በኋላ ነው።

ሌላም አለ፤ አንሸፋፍነው። ያኔ አገሬው መንግሥትን የሚያውቀው በግብርና በገባርነት ነው። የምዕራብ ኦሮሞ መሪዎች በዚሁ ቆንስላ በኩል የእንግሊዝን ከለላ ጠይቀዋል። ለምን ጠየቁ ብዬ አልፈርድባቸውም። ዓመት ሙሉ ደጁን ያልረገጥከውን ዘመድ ቤትህ ሲቃጠል አስጠልለኝ ብትለው ምን ይልሃል? አስቀድሞ መንገድና ትምህርት ቤት ያልሰጡትን ሕዝብ፣ በጭንቅ ቀን ዙፋን ተሸከምልኝ ይሉታል እንዴ? ራስ እምሩ ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር ሆነው የተቻላቸውን ታገሉ። ታኅሣሥ ላይ ጎጀብ አጠገብ ተከበው እጃቸውን ሰጡ።

ያለፈ ታሪክ ነው የሚል ካለ፣ እኔ አምና የደረሰብኝን ልንገረው። 34 ዓመት አስተምሬ ጡረታ ወጣሁ። ፋይሌን ላስተካክል መቱ ወረድኩ። ቢሮ ያገኘኋት ልጅ ጨዋ ናት፤ «ጋሼ፣ ሲስተም የለም፤ አዲስ አበባ ተቋርጧል» አለችኝ። በማግስቱ ሄድኩ። የለም። ሦስት ቀን አልጋ ተከራይቼ ሰነበትኩ። «ግልባጩ እዚህ የለም ወይ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ሁሉም እዛ ነው» አለች። ሁሉም እዛ ነው! አያቴ ያደረቀችው ወረቀት እንኳ ከአዲስ አበባ ወጥቶ ነበር። የእኔ የ34 ዓመት ድካም አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥሏል። አንድ ቀን ገመዱ ከነአካቴው ቢበጠስ የመቶ ሃያ ሚሊዮን ሰው ጉዳይ የት ይገኛል?

የሱዳንን አይተናል። በ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ካርቱም የጦር ሜዳ ስትሆን መንግሥቱ ፖርት ሱዳን ገባ፤ የእኛም ልጆች ነፍሳቸውን ይዘው በመተማ ገቡ። ካርቱም እንዲህ ትሆናለች ብሎ ያሰበ ስንት ሰው ነበር?

አፄ ምኒልክ እንኳ አዲስ አበባ ላይ የማገዶ እንጨት ሲያልቅ አዲስ ዓለምን ቆርቁረው፣ ቤተ መንግሥት አሠርተው ነበር። ባሕር ዛፍ ደረሰና መዛወሩ ቀረ፤ ቤተ መንግሥቱም የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ሁለተኛ ቤት ማሰብ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ግዴታ ጎሬ ትሁን አልልም። ጅማ ትሁን፣ ሐዋሳ ትሁን። ብቻ በሕግ ትሰየም። የሰነድ ግልባጭ ይቀመጥባት። ሚኒስትሮቹ በዓመት አንድ ሳምንት ሄደው ይሥሩባት፤ ሕዝቡም ይልመዳቸው። ለጎሬ የምጠይቀው አንድ የድንጋይ ጽሑፍ ነው። ከነዓመተ ምሕረቱ።

ይህን የሚጠይቀው ማመልከቻ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አለ። እባካችሁ ከምሳ በፊት ፈርሙ። በጣት አሻራ ለምትፈርሙ እናቶችም ቀለም አዘጋጅተናል።