ፍሙ ከቀላ በኋላ

ሰላማዊት፦ እንደምን ሰነበታችሁ፤ ዛሬ የምንወያየው በከተማ ኑሮ ሳናስተውላቸው ጤናችንን ስለሚጎዱ ነገሮች ነው። ነጂብ፣ ጅማ ላይ ብክለት ሲነሳ ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ አዌቱ ወንዝ ነው።

ነጂብ፦ መቀሰሩስ ተገቢ ነው። አዌቱ ከተማውን ሰንጥቆ ሲያልፍ የየሰፈሩን ፍሳሽ ተሸክሞ ወደ ቦዬ ረግረግ ይወርዳል፤ በእንዲህ ዓይነት ውሃ የለማ ሰላጣም በጥሬው ሲበላ የአንጀት ትላትልን ያስተላልፋል። ይሁን እንጂ ወንዙ ቢያንስ ይሸታል፤ አፍንጫችንን ይዘን እንሸሻለን። እኔን የሚያሳስበኝ ከመሸሽ ይልቅ ተጠግተን የምንሞቀው ነው።

ሰላማዊት፦ ከሰሉን ማለትህ ነው?

ነጂብ፦ አዎን። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲጠና በሩን ዘግተን፣ ሥሩን በጨርቅ ወትፈን ማንደጃውን ወደ ቤት እናስገባለን። ሰው የሚጠነቀቀው ጭሱ ዓይኑን ሲያቃጥለው ብቻ ነው፤ ለዚያውም አንዳንዱ ከሰሉን በፌስታል ያቀጣጥላል፣ የእሱ ጭስ ደግሞ ሌላ መርዝ ነው። ፍሙ ከቀላ በኋላ «አሁንስ አለፈለት» እንላለን። ነገር ግን ቀለምም ሽታም የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከቀላው ፍም መውጣቱን አያቆምም፤ በደማችን ውስጥ ኦክስጅን ከሚሸከመው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ኃይል ስለሆነ፣ እየተነፈስን አካላችን አየር ይራባል።

ሰላማዊት፦ ባለፈው ክረምት እናቴ ቤት ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ ራሴን ፍልጥ አደረገኝ። «ቡና በዝቶብሽ ነው» ተባልኩ። ታናሽ እህቴንም አቅለሸለሻት፤ እሷ ግን ቡና የሚባል ነገር አልቀመሰችም ነበር።

ነጂብ፦ ዋናው ምልክት ይኸው ነው፤ በአንድ ክፍል የተቀመጡ ሰዎች አንድ ላይ ሲታመሙ፣ ደጅ ሲወጡም ሲቀልላቸው ነገሩ ከአየሩ ነው። ራሱን የሳተ ወይም የተደናገረ ካለ ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ቤት መወሰድ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ አየር ብክለት ሳቢያ በ2020 እ.ኤ.አ. 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል።

ሰላማዊት፦ መብራት በሚጠፋበት ከተማ ከሰልን ተዉ ማለት ግን ይከብዳል።

ነጂብ፦ ተዉ አልልም። ደጅ ይቀጣጠል፣ ጀበናውም እዚያው ይጣድ፤ የግድ ከገባ በርና መስኮት ይከፈት። ማንደጃው ቤት ውስጥ እያለ መተኛት ግን ፈጽሞ አይገባም፤ አመድ የለበሰ ፍም የጠፋ ይመስላል እንጂ አልጠፋም።

ሰላማዊት፦ እናቴ አሁን ጀበናውን በረንዳ ላይ ትጥዳለች፤ ረከቦቱን ከሳሎን ለማስወጣት ግን ገና አልተስማማችም።