ትሪም ያደረግነውን ስትሪንግ ማን ፍሪ ያደርገዋል?

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብቻዬን ነኝ፤ የማወራውም ስለ ሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ነው። ከስትሪንግ (ከጽሑፍ) ግራና ቀኝ ስፔስ ስለማንሳት። በሌላ ቋንቋ ትሪም ብላችሁ ታልፋላችሁ። የሲ ስታንዳርድ ላይብረሪ ግን ትሪም የሚባል ፈንክሽን የለውም፤ ራሳችሁ ነው የምትጽፉት።

ቀኙ ቀላል ነው። ከመጨረሻው ወደ ኋላ መምጣት፣ ስፔስ ያልሆነ ነገር ሲገኝ ከሱ ቀጥሎ ዜሮ ባይት (የስትሪንጉን ማለቂያ ምልክት) መጻፍ። በቃ።

ጣጣው ግራ ላይ ነው። ሜሞሪ የሚሰጠን ፈንክሽን፣ ማሎክ፣ አድራሻ 1600 ላይ ቦታ ሰጠን እንበል። መጀመሪያው ላይ 3 ስፔስ አለ። ፖይንተሩን (አድራሻውን የያዘውን ቫሪያብል) ወደፊት ስንገፋው 1603 ላይ ይቆማል። ፕሪንት ስናደርገው ጽድት ያለ ነው። ከዚያ ያንኑ ፖይንተር የተሰጠንን ቦታ ለሚመልሰው ፈንክሽን፣ ለፍሪ፣ እንሰጠዋለን። ፍሪ ደግሞ የሚያውቀው 1600ን ብቻ ነው። ብዙ ጊዜ የቦታው መጠን የሚመዘገበው ከአድራሻው በፊት ባሉት ባይቶች ላይ ስለሆነ፣ ከ1603 ወደ ኋላ ሲያይ የሚያገኘው ዝብርቅርቅ ነው። ዕድለኛ ከሆናችሁ ፕሮግራሙ እዚያው ይሞታል። ካልሆናችሁ ዝም ብሎ ይቀጥልና ሌላ ቦታ ይፈነዳል። እኔ የምፈራው ሁለተኛውን ነው።

ስለዚህ የሰው ትሪም ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው፣ የሚመልሰው ፖይንተር የማን ነው? ነው። አዲስ ኮፒ ከሆነ ጠሪው ፍሪ ያድርገው። የድሮውን ስትሪንግ መሃል የሚያሳይ ከሆነ ግን ጠሪው የመጀመሪያውን አድራሻ ይዞ መቆየት አለበት። አንዳንዴ ኮፒ፣ አንዳንዴ ያንኑ የሚመልስም አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ማን ላይ ቂም ይዞ እንደሚጽፈው እንጃ።

የኔ ምርጫ ባይቶችን በሚያንቀሳቅሰው ፈንክሽን፣ በሜምሙቭ፣ ጽሑፉን ወደ ግራ መሳብ ነው፣ ዜሮዋን ባይት ጨምሮ። ፖይንተሩ 1600 ላይ እንዳለ ይቀራል። ሜምኮፒ አይሆንም፤ ምንጩና መድረሻው ይደራረባሉ፣ እሱ ደግሞ ለተደራረበ ቦታ ዋስትና የለውም። በጥቅስ ምልክት ኮዱ ውስጥ የተጻፈ ስትሪንግ ከሆነ ግን አትንኩት፣ መጀመሪያ ኮፒ አድርጉት።

በነገራችን ላይ፣ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ባይት በሚቀይረው ኢንኮዲንግ) ሲጻፍ 3 ባይት ይወስዳል፤ ባይቶቹ ሁሉም ከ127 በላይ ናቸው። ቻር (የስትሪንግ ባይት የሚያዝበት ታይፕ) ሳይንድ በሆነበት፣ ማለትም ኔጋቲቭ ቁጥርም በሚይዝበት ማሽን ኔጋቲቭ ይሆናሉ። ስፔስ መሆኑን ለሚያጣራው ፈንክሽን፣ ለኢዝስፔስ፣ ከመስጠታችሁ በፊት ወደ አንሳይንድ ቻር ቀይሯቸው።

ባዶ ስትሪንግስ? ርዝመቱ 0 ነው። ርዝመት የሚያዝበት ታይፕ፣ ሳይዝ ቲ፣ ኔጋቲቭ አያውቅም፤ 1 ስትቀንሱለት ግዙፍ ቁጥር ይሆናል። እኔ ቴስት ስጽፍ የምጀምረው ከሱ ነው፤ ቀጥሎ ስፔስ ብቻ የሆነውን፣ አድሬስ ሳኒታይዘር (የሜሞሪ ስህተት የሚይዝ መሣሪያ) በርቶ።